እንግጫ የታሰረባቸው ችካሎች

ከደብረ ማርቆስ ወደ ይጁቤ የሚሄደው ሚኒባስ ጨው ሜዳ አጠገብ ሲደርስ ተሳፋሪው ሁሉ መስኮት ይዘጋል። ከሽታው የተነሳ ነው። ጥቁር ጭቃ፣ የበሰበሰ ሣር፣ ከሥሩ ደግሞ ጨው ጨው የሚል ነገር። ባለፈው ጳጉሜ እኔ መስኮቴን ከፈትኩ።

አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ አፍንጫውን በጋቢው ጫፍ ሸፍኖ፣ “እባክሽ እህቴ፣ ዝጊው” አለኝ።

“አልዘጋም። ያደግሁበት ሽታ ነው።”

“አይዞሽ፣ አይቆይም” አለኝ። የሚያጽናናኝ መስሎት ነው። “ዘንድሮ ረግረጉ ሊደርቅ ተለክቷል። ችካሉን አላየሽም? የብረት ነው።”

ወደ ውጭ አየሁ። እውነቱን ነው፤ ከሣሩ መካከል ቀጥ ቀጥ ያሉ ብረቶች ቆመዋል። ወራጅ አለ ብዬ ከመንገዴ መሐል ወረድኩ። ረዳቱ ግራ ገብቶት “እዚህ ምን አለ?” አለኝ፤ ምን እንዳለ በአንድ ቃል የሚነገር አይደለም።

አክስቴ አንጓች የአባቴ ታላቅ እህት ነበረች። አባቴ እታለም ሲላት ሰምተን ልጆቹም እታለም ነበር የምንላት። ቤቷ ጨው ሜዳ ዳር ላይ የመጨረሻው ቤት ነው፤ ከእሱ በታች ውሃና ሣር ብቻ ነው ያለው። ሁለት ባሎቿ በየተራቸው ከዚህ ረግረግ እንራቅ ብለዋት ሁለቱም ብቻቸውን ርቀው ሄደዋል። ይህን የሚያወሩት ሊያሟት የፈለጉ ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን ሲያወሩ ስትሰማ ያጎደሉትን ትሞላላቸው ነበር።

አራተኛ ክፍልን የጨረስኩ ክረምት ከእሷ ጋር እንድቆይ ተላክሁ። ሥራዬ ጨው አፈር ማምጣት ነበር። ከረግረጉ ዳር ለብ ያለ ውሃ የሚመነጭበት ቦታ አለ። በበጋ ዙሪያው ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ በክረምት ደግሞ ጭቃው ራሱ ጨው ጨው ይላል። የወለደች ላም ይህን ካልላሰች ወተቷ ውሃ ነው ትላለች እታለም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ቅርጫቴን ይዤ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ እገባለሁ። ጭቃው መጀመሪያ ይበርዳል፣ ቀጥሎ ይሞቃል፣ ከዚያ እግርን ይዞ አለቅም ይላል። ጓጉንቸሮቹ ስደርስ ዝም ይሉና ትንሽ ከቆምኩ ደፋር የሆነው አንዱ ይጀምራል፤ ሌላውም ይከተለዋል። ጋጋኖዎቹ እንደ ተጣሉ ጎረቤታሞች እየተንጫጩ ከራሴ በላይ ያልፋሉ። ስወጣ ባቴ ላይ የተጣበቀ አልቅት ካለ እታለም በዚያው ጨው አፈር ታሸዋለች፣ እሱም ይወድቃል።

መሐል ላይ፣ በውሃ ከተከበበች ትንሽ የሣር ጉብታ ላይ፣ ሁለት ሽመላዎች ነበሩ። ከእኔ የሚረዝሙ ይመስሉኛል፤ ከአገጫቸው ሥር ቆዳ ተንጠልጥሎ ሲታዩ የተቆጡ ሽማግሌዎች ናቸው። በዚያ ክረምት አንድ ጫጩት ነበራቸው፤ ቡናማ፣ እግሩ ብቻ ያደገ፣ መብረር የማይችል። ውሻ ወደ እነሱ ሊሄድ ሲሞክር ጭቃው ያሰምጠውና እያለቀሰ ይመለስ ነበር። ውሃው አጥራቸው ነው። ይህን ያወቅሁት ማንም ሳይነግረኝ ነው።

መምህር ኢድሪስ የመጣው ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነው። መጣ እንኳ አይባልም፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሌሎቹ መምህራን ወደየአገራቸው ሲሄዱ እሱ የሚሄድበት አጥቶ ቀርቶ ነው። ተወልዶ ያደገው አሰብ ነበር። ጥቁር ጃንጥላውን ይዞ ከረግረጉ ዳር ቆሞ ይውላል፤ ሰዉም መምህሩ ወርቅ ይፈልጋል ይል ነበር። እኔና ጓደኛዬ ብርቄ ወርቁን መቼ እንደሚያወጣ ተደብቀን ስንጠብቅ አንድ ቀን እታለም ጠራችው።

“መምህር፣ በዚህ ዝናብ ምን ጠፍቶብዎ ነው?”

“የአገሬን ወፎች አየሁ፣ እትዬ” አለ።

እነዚያን ትንንሽ ወፎች ማለቱ ነው፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሚመጡትን፣ እኛ ሯጮች የምንላቸውን። ሆዳቸው ነጭ፣ እግራቸው ቀጭን ነው፤ ጨው አፈር የማወጣበት ጭቃ ላይ ቱር ቱር እያሉ ይሮጣሉ። አንዷ ዓይነት ደግሞ ቆማም ጅራቷን ታርገፈግፋለች።

እታለም ጎጆ አስገብታ አሬራ በጣሳ ሰጠችው። እሱም ስለ ባሕር አወራን። ባሕሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ አሸዋውና ጭቃው ይገለጣል፤ ሯጮቹም መጥተው በዚያ ላይ ትል ይለቅማሉ። ሸርጣን የሚባል በጎኑ የሚሄድ ፍጥረት ከጉድጓዱ ብቅ ይላል። በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ አለ፤ ሥሩን ወደ ላይ አውጥቶ ይተነፍሳል። ዓሣ አጥማጆች ውሃው ውስጥ እንጨት ይተክላሉ፤ ወፎቹ ሲደክማቸው እንጨቱ ላይ ያርፋሉ። ብርቄ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፤ ውሸታም ነው ማለቷ ነው። እታለም ግን አንዱን ነገር ይዛ አልለቀቀችም።

“ባሕሩ ይሸሻል ነው ያሉት?”

“በየቀኑ ይሄዳል፣ በየቀኑ ይመለሳል።”

“ሲሄድ ታዲያ መሬቱን አይከፋፈሉትም?”

መምህር ኢድሪስ ሳቀ። “ማን ደፍሮ፣ እትዬ? ተመልሶ ይመጣል እኮ።”

“አስተዋይ ሰዎች ናቸው” አለች እታለም፤ ጣሳውንም ደግማ ሞላችለት።

እኔ ከዚያ ሁሉ ወሬ የያዝኩት የራሴን ነበር። ባሕሩ ጨው ነው፤ ሯጮቹ ከባሕር ይመጣሉ፤ ስለዚህ ጨው ሜዳን ጨው ያደረጉት እነሱ ናቸው፣ በእግራቸው ተሸክመው። በማግስቱ ወፎቹ የሮጡበትን ጭቃ በጣቴ አንስቼ ላስኩት፤ ጨው ጨው አለኝ። ማረጋገጫ አገኘሁ። ወፎቹ ከጠፉ ጨው ይጠፋል፤ ጨው ከጠፋ ወተት ይጠፋል። ዛሬ ሳስበው ስሌቱ የተሳሳተው መነሻው ላይ ብቻ ነው።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የማላውቃቸው ሰዎች ቦት ጫማ አድርገው ገመድ እየጎተቱ መጡ። ከረግረጉ አንድ ዳር እስከ ሌላው ዳር አናታቸው ቀይ ቀለም የተቀባ እንጨቶች ተክለው ሄዱ። ለልጅ የሚነግር ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ምክንያቱም በማግስቱ ጠዋት ጅራቷን የምታርገፈግፈው ወፍ አንዱ እንጨት ላይ አርፋ አገኘኋት። በቃ፣ ገባኝ። መምህር ኢድሪስ እንደ አገሩ ለወፎቹ ማረፊያ አስተክሎላቸዋል። እሱ በዚያ ሳምንት ማርቆስ ሄዶ ስለነበር እንኳ ላመሰግነው አልቻልኩም።

የጳጉሜ የመጨረሻ ቀን የእንግጫ ነቀላ ነው። እንግጫ በረግረግ ውስጥ የሚበቅል ሣር ነው፤ አይታጨድም፣ ከነሥሩ ይነቀላል፣ ግርጌው እንደ ጥርስ ነጭ ነው። የሚነቅሉት ልጃገረዶች ናቸው። በዚያ ዓመት የዘፈኑ አውራጅ እኔ ነበርኩ፤ ትልልቆቹ ስላገቡ ተራው ደርሶኝ ነው። ድምፄ ጥሩ አልነበረም። ጮክ ማለት ግን እችል ነበር፣ ለአውራጅ ደግሞ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ክንዳችን እስኪዝል ነቅለን፣ አደይ አበባ ጨምረን ስንጎነጉን አመሸን። እታለም አጠገባችን ተቀምጣ የላላውን እየፈታች መልሳ ታስጎነጉነን ነበር።

የዘመን መለወጫ ጠዋት እንግጫው ይታሰራል፤ በቤተሰቡ ራስ ላይ፣ በምሰሶው፣ በበሩ፣ በጎታው፣ በላሟ ቀንድ። ዓመቱ እንዲጸና ነው። የታሰረውን ደግሞ እስከ መስቀል ማንም አይፈታውም፤ በመስቀል ከደመራው ጋር ይነዳል። እኛ ቤቱን ሁሉ አስረን ስንጨርስ እንግጫ ተረፈን። “ወፎቹስ?” አልኩ። ብርቄና ሌሎቹ ልጆች ተከተሉኝ፤ ጭቃውን እያቦካን ከአንዱ ቀይ አናት ወደ ሌላው እየተሻገርን ለእያንዳንዱ እንጨት አንድ አንድ ጉንጉን አሰርን። ሽመላዎቹ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ያዩን ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ አያውቅም፤ አሁንም አስተያየቴን አልቀየርኩም።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ወጣቶች ዶማና አካፋ ይዘው መጡ። ከመካከላቸው ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል ነበር። ከፊት የሚመራቸው የቀበሌው ሊቀ መንበር አያ ስማቸው ነው። የመጀመሪያው እንጨት ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ሁለተኛው ሄዱ፣ ቆሙ። ዶማውን መሬት ላይ ያስቀመጠው የመጀመሪያው ሰው ወንድሜ ነበር፤ ይህን ለእሱ ክብር ስል እናገራለሁ። ትንሽ ቆይቶ አያ ስማቸው በራችን ላይ ቆመ።

“እትዬ አንጓች፣ ችካሉ ላይ እንግጫ ያሰረው ማነው?”

“እኔ ነኝ” አልኩ በኩራት። “መምህሩ ለወፎቹ የተከለላቸው ላይ።”

አያ ስማቸው አየኝ፤ ለመቆጣትም ለመሳቅም ተቸገረ። ያን ጊዜ ነው ሁሉን የሰማሁት። ችካሉ የቦይ መስመር ነው። ቦዩ ተቆፍሮ ውሃው ወደ ወንዝ ይለቀቃል፤ ጨው ሜዳ ይደርቅና መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ለድንችና ለባሕር ዛፍ ይከፋፈላል። ለይበልጣልም ይደርሰዋል፤ መሬት ካገኘ የሚያገባት ልጅ ነበረችው። እኔ በሐሳቤ ያየሁት ግን ውሾቹን ነው፤ ደረቅ እግራቸውን ይዘው ወደዚያች ጉብታ ሲሄዱ።

“እንግጫ የታሰረበት ምሰሶ እስከ መስቀል አይነካም” አለች እታለም።

“ምሰሶ አይደለም እትዬ፣ ችካል ነው።”

“መሬት ላይ ቆሟል?”

“ቆሟል።”

“እንግጫ ታስሮበታል?”

“ታስሮበታል፣ ግን...”

“እንግዲያው ምሰሶ ነው፣ ስማቸው። ፈትተህ ጣለው፤ ስትጥለው ግን ሰው ይይህ።”

አልፈታውም። ማንም አልፈታውም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ተሰበሰበ። ወንድሜ ተነስቶ ተናገረ፤ ደህና አድርጎ ተናገረ። “እታለም ወፍ ታያለች፣ ጓጉንቸር ታዳምጣለች። እኔ የት ልረስ? የአባቴ መሬት ለአባቴም አልበቃው” አለ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ፤ እውነት ነዋ። እታለም ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች።

“መሬት ማጣትህን አውቃለሁ ልጄ። የሚሰጥህ ግን መሬት አይደለም፣ የውሃ አልጋ ነው። እዚህ ያላችሁ ሁሉ ግንቦት ላይ ከብታችሁን የት ነው የምታጠጡት? ከእኔ ደጅ አይደለም? በበጋ ሲሳሳ አይታችሁት የሞተ መሰላችሁ። ገበያ ሄዶ ነው፤ ይመለሳል። ይህ መምህር የመጣበት አገር ውሃው በየቀኑ ትቷቸው ይሄዳል አሉ፤ ባሕር ያህል ነገር። ሲመለስ እንዳናፍር ብለው ቤቱን ይጠብቁለታል። እኛ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ መታገሥ አቃተን?”

መምህር ኢድሪስ ከሰዉ ጀርባ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ጃንጥላውን ይዞ ቆሞ ነበር። ሁሉም ዞሮ አየው። እሱም “እውነት ነው” ብቻ አለ።

አያ ስማቸው ነገሩን አላስረዘመውም። “መስቀል ይለፍ” አለ። “በማግስቱ እንቆፍራለን። እስከዚያ እንግጫችሁን አክብረናል።” ሰዉም ተበተነ። እኔ አሸነፍን መስሎኝ እየዘለልኩ ስሄድ እታለም እጄን ያዘችኝ። “ቀን ነው የሰጡን፣ ውሃውን አልሰጡንም” አለች።

በእነዚያ ቀናት ከቤት ቤት እየዞርን የምንዘፍነው እሷ የሰጠችንን ነበር፤

ውሃ ገበያ ሄዷል፣ ሲመሽ ይመለሳል፤
ቤቱን የለካው ሰው ምን ብሎ ይመልሳል።

አያ ስማቸው ቤት በር ላይ ሦስቴ ደገምነው። ሚስቱ አላስቆመችንም፤ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችን፣ ከተለመደው ከፍ ያለ ቁራሽ። አባቴ ስድ አደረግሻቸው ብሎ እታለምን ወቀሳት። “አዎ” አለችው።

የሽመላዎቹ ጫጩት ክንፉን መዘርጋት ጀምሮ ነበር። ይዘረጋል፣ ይዘላል፣ ይወድቃል። እናትና አባቱ ዞር ብለው ያላዩ ይመስላሉ። ቶሎ በል እያልኩ ከዳር ሆኜ እጮህበት ነበር፤ ጩኸቴ እንደሚያፈጥነው እርግጠኛ ነበርኩ።

የመስቀል ዕለት ጎህ ሳይቀድ እታለም ቀሰቀሰችን። “እንግጫችሁን ሰብስቡ። ከየቤቱ፣ ከየምሰሶው። አንድም እንዳይቀር” አለች። ከቤቱ ያለውን ፈታን። ወደ ረግረጉ ስንወርድ ግን ዝናብና ጤዛ ሲያጠጣው፣ ፀሐይ ሲያደርቀው የከረመው ጉንጉን እንጨቱን አንቆ ይዞታል። ብርቄ በጥርሷ ሞከረች፤ አልሆነም። ቢላዋ ላምጣ ስል እታለም ቀሚሷን ሰብስባ ከኋላችን ቆማለች።

“እንግጫ በስለት አይቆረጥም” አለች።

“ታዲያ ምን እናድርግ?”

“ካልተፈታ ከነእንጨቱ ነዋ።”

የመጀመሪያውን ራሷ ነቀለችው። ጭቃው ጯ ብሎ ለቀቀው። ከዚያ በኋላ እኛን የሚያቆም አልነበረም፤ እንግጫ ስንነቅል የኖርን ልጆች ነን፣ ከነሥሩ ማውጣት እናውቃለን። ሯጮቹ ከፊታችን እየተነሱ ከኋላችን ያርፉ ነበር፤ ችካል በወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ውሃው ሲሞላ ትሉን ለመልቀም።

ደመራው ጋ ስንደርስ ገና ብዙ ሰው አልመጣም። በእኛ አገር እያንዳንዱ ቤት እንጨቱን አምጥቶ ደመራው ላይ ያቆማል፤ አንዴ የቆመን እንጨት ደግሞ መልሶ የሚያወጣ የለም። እኛም የእኛን አቆምን፣ ዙሪያውን፣ ቀይ አናታቸው ከአደይ አበባው መሐል ብቅ ብቅ እያለ። አያ ስማቸው የራሱን እንጨት በትከሻው ተሸክሞ ሲመጣ ካህናቱ መዞር ጀምረው ነበር። ቆመ። ቀዩን አናት አየ። እጁ ሲዘረጋ አየሁት፤ አንዱን ችካል ያዘው። ካህናቱ ዜማቸውን አላቋረጡም፣ ሰዉ ግን ሁሉ ወደ እጁ ዞረ። ወንድሜ ይበልጣል ከወጣቶቹ ጋር ቆሞ ጥርሱን ነክሶ ያየኝ ነበር።

“እትዬ አንጓች” አለ አያ ስማቸው ቀስ ብሎ፣ “ይህ የመንግሥት እንጨት ነው።”

“መንግሥትም መስቀል ያከብራል፤ ድርሻውን አዋጣ” አለች እታለም።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላው ተቀበለው። አያ ስማቸው እጁን ከችካሉ ላይ አነሳ፤ የራሱንም እንጨት አጠገቡ አቆመ። እሳቱ ሲለኮስ ቀለሙ እየተንጣጣ ነደደ፤ እርጥብ የነበረው እንግጫ መጀመሪያ ጨሰ፣ ቀጥሎ ያዘ። የጨው ሜዳ ጭቃ ሽታ ከጭሱ ጋር ወጣ። በዚያ ጠዋት መስኮት የሚዘጋ አልነበረም።

በዚያ ዓመት ቦይ አልተቆፈረም፤ ለካዮቹም አልተመለሱም። ጥቅምት ላይ ጫጩቱ ከጉብታው ተነስቶ፣ እንደ ሰካራም እያጋደለ፣ በቤታችን ላይ አለፈ። ይበልጣል ሥራ ፍለጋ ደምበጫ ወረደ፤ ልጅቷን ሌላ ሰው አገባት። እስከ ዛሬ “ለወፍ ሸጥሽኝ” ይለኛል። ማዘን አዝኜለታለሁ፤ አልተጸጸትኩም ግን። ከደምበጫ ተመልሶ ከገባ ወዲህ በየዓመቱ ግንቦት ላሙን የሚያጠጣውም እዚያው ነው፤ እኔም ይህን ሳልነግረው አልፌ አላውቅም።

ባለፈው ጳጉሜ ከሚኒባሱ ወርጄ ወደ ረግረጉ ስሄድ የማላውቃቸው ልጃገረዶች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ቆመው እንግጫ ይነቅሉ ነበር። አውራጇ ድምጿ ሻካራ ነው፣ ግን ትጮሃለች። ሯጮቹም ከባሕር ደርሰዋል። የእታለም ቤት ምሰሶው ብቻ ቀርቷል። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ ጭቃው መጀመሪያ በረደኝ፣ ቀጥሎ ሞቀኝ። ከአውራጇ አንድ ጉንጉን ለምኜ አቅራቢያዬ ባለው የብረት ችካል ላይ አሰርኩ።

ልጅቷ ትክ ብላ አየችኝ። “እሱ እኮ ብረት ነው፤ በመስቀል አይነድም” አለችኝ።

ችካሉን በሁለት እጄ ይዤ ወዘወዝኩት። ከሥሩ ውሃ ፈለቀ።

“አይነድም” አልኳት። “ይነቀላል ግን።”